የሰንጢ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ሰንጢ እርሳስ ከመቅረጽና ብርቱካን ከመላጥ ያለፈ ምን ቁም ነገር አላት ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አሮጌ ሰንጢ እየሰበሰቡ የሚያኖሩ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱም ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ይህች ሰንጢ መቼ ተሠራች?» የሚል ነው። ዛሬ ይህ ጥያቄ እንዴት እንደሚመለስ፣ በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቫንያ፣ ብራድፎርድ በምትባል ከተማ በሚሠራው በኬስ ሰንጢ ምሳሌነት ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

የኬስን ሰንጢ ከፍታችሁ የስለቱን ግርጌ፣ ማለት ከእጀታው ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ብትመለከቱ፣ የፋብሪካውን ማኅተም ታገኛላችሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1940 እስከ 1964 ድረስ ማኅተሙ የኬስን ስምና ሁለት የኤክስ ፊደሎችን ብቻ የያዘ ነበር። ከ1965 እስከ 1969 ድረስ በተሠሩት ላይ «ዩ. ኤስ. ኤ.» የሚል የአገሩ ስም ተጨመረ። በ1970 ደግሞ ከጽሑፉ በታች ዐሥር ነጥቦች ተደረጉ፤ ከዚያም በየዓመቱ አንዳንድ ነጥብ እየተቀነሰ ሄደ። ስለዚህ ዘጠኝ ነጥብ ያላት የ1971፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ያላት የ1979 ሥራ ናት። በ1980 ቁጥሩ እንደገና ከዐሥር ጀመረ፤ ከፊተኞቹ ጋር እንዳይምታታም የእንግሊዝኛው «ኤስ» ፊደል እንደ መብረቅ የተሰበረ መልክ ተሰጠው።

ይሁን እንጂ ማኅተም ብቻውን አይበቃም። ስለቱ ተሰብሮ በሌላ የተተካ እንደ ሆነ፣ አዲሱ ስለት የራሱን ዓመት እንጂ የእጀታውን ዓመት አይናገርም። ደግሞም ነጥቦቹን በሞረድ ፍቆ ያጠፋ ሰው የ1970ዎቹን ሰንጢ የ1960ዎቹ ሊያስመስላት ይችላል። ስለዚህ የስለቶቹን ሁሉ ማኅተም ማስተያየት፣ የግርጌው ብረት ሳስቶ እንደ ሆነ መመርመር፣ የሞዴሉንም ቁጥር ከእጀታው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ለምሳሌ 6254 የሚል ቁጥር ቢኖር፣ 6 እጀታው አጥንት ወይም አጥንት መሳይ መሆኑን፣ 2 ሁለት ስለት መኖሩን፣ 54 የሰንጢዋን ቅርጽ ያመለክታል። ይህ ቁጥር ተጽፎባት ሳለ እጀታዋ ቢጫ ፕላስቲክ ቢሆን መጠርጠር ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። አንድ ሻጭ «የ1965 ናት» ብሎ የሸጠልኝን ሰንጢ፣ ቃሉን አምኜ፣ በዚያው ቃል ለጓደኛዬ ሸጥሁለት። በኋላ በማጉያ መነጽር ብንመለከታት ሰባት ነጥቦች ተገኙባት፤ የ1973 ነበረች። እኔን ያሳሳተኝ ሻጩ ነው፤ ጓደኛዬን ያሳሳትሁት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ገንዘቡን መለስሁለት። እነሆ፣ አሁን በእጄ የያዝኋት እርስዋ ናት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነጥብ መቁጠር ቀላል ነው፤ ሳይቆጥሩ የሰሙትን ለሌላ ማቀበል ግን ከዚያም ይቀላል። ስለ ሰንጢም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ከመመስከራችን በፊት ከፍተን እንይ። አሁንም ሰንጢዋን ተቀባበሏትና ነጥቦቹን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ በእኔ ቃል ብቻ አትመኑ።