ከቡችላ ሆድ ወደ ልጆቻችን
(በሰፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የውሻ በሽታ ሲባል ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን የእብድ ውሻ ነገር ነው። መፍራታችን ልክ ነው። ነገር ግን ውሻ ሳያብድና ሳይነክስ፣ እንዲያውም ጅራቱን እየቆላ፣ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ሌላ ጣጣ አለ፤ ይኸውም የአንጀቱ ትል፣ በኦሮምኛ ራሞ የምንለው ነው። ከብት የሚጠብቀውን፣ ከበቆሎው ላይ ጦጣ የሚያባርረውን ውሻ አስወግዱ ልል አልመጣሁም። ያለ ውሻማ እዚህ አገር እንዴት ይኖራል?

ቡችላ ሆዱ እንደ ከበሮ ሲወጠር «ወፈረ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ወስፋት ነው። ይህ ቶክሶካራ የተባለ የውሻ ወስፋት በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ተነሥቶ ወደ ጽንሱ ይገባል፤ የቀረውም በወተት ይከተላል። «ቡችላዬ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፣ ከየት ያመጣዋል?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። ቡችላው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የትሉን እንቁላል ከሰገራው ጋር ማውጣት ይጀምራል። አንዲት ሴት ትል በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

እንቁላሉ በወደቀበት ቀን ጉዳት የለውም። አፈር ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሰነብት ግን ይበስላል፣ ለዓመታትም ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ሰገራውን በየቀኑ በአካፋ አንሥቶ መጸዳጃ ጉድጓድ መክተት ከመድኃኒት የማይተናነስ ሥራ ነው።

አፈር ሲጫወት የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ከበላ እንቁላሉ በሆዱ ይፈለፈላል። ትሉ በሰው አንጀት አድጎ አይኖርም፤ ገና እጭ እንዳለ በጉበትና በሳምባ ይንከራተታል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመም ያመጣል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ የዚያን ዓይን ብርሃን እስከማጥፋት ይደርሳል። ክፋቱ፣ የልጁ ሰገራ ቢመረመር አይታይም። ስለዚህ ልጁን ጤና ጣቢያ የሚወስድ ወላጅ ሳይጠየቅም «ቤታችን ቡችላ አለ» ብሎ ይንገር።

መንጠቆ ትል የሚባለው ሌላው ደም መጣጭ ነው። ድዱ የነጣ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ቡችላ ካያችሁ አትዘግዩ፣ ይሞትባችኋል። በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥም ይገባና የሚያሳክክ ጠማማ ቀይ መስመር ያወጣል። ሁለቱም ትሎች በደብረ ዘይት፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር ውሾች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ተገኝተዋል።

መድኃኒቱ ፒራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል ነው። ቡችላው ሁለት ሳምንት ሲሞላው ይጀመራል፣ ጡት እስኪተውና ሁለት ሳምንት እስኪያልፈው ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል፤ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። መጠኑ በክብደት ስለሆነ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይወስነው። ለሰው የተገዛ ክኒን በግምት ቆርሶ መስጠት ይቅር።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። በበዓል ከብት ወይም በግ ሲታረድ፣ ውሃ የቋጠረ ሳምባና ጉበት ስናገኝ «ይህ ለሰው አይሆንም» ብለን ለውሻ እንወረውራለን። ደግ ያደረግን ይመስለናል። ያ የውሃ ከረጢት የአንድ ትንሽ የውሻ ኮሶ ልጅ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ያድጋል፤ ውሻው ግን አይታመም፣ አይከሳ። እንቁላሉ በሰው አፍ ከገባ በሰው ጉበትና ሳምባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፤ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድግና ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ በሽታው በሰው ላይ የታወቀ ነው። ከረጢቱ በነቀምቴ ቄራ በታረዱ ከብቶችም ላይ ተገኝቷል፣ ማለት ከእኛም ሩቅ አይደለም። የዚህኛው እንቁላል ደግሞ እንደ ወስፋቱ መብሰል አያስፈልገውም፤ ከውሻው እንደወጣ ይይዛል። ውሻ ዳብሶ እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይገባም። ለዚህ ኮሶ የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ ውሻው ጥሬ ሳምባ መብላቱን ካልተወ ግን ነገ ይመለሳል።

እንግዲህ ለመጪው በዓል ከእርዱ በፊት ጉድጓዱ ይቆፈር። ጥልቅ ይሁን። የተበላሸው ሳምባና ጉበት ከተቀበረ በኋላ ውሻና ጅብ እንዳያወጡት ድንጋይ ይጫንበት፤ እስከዚያው ውሾቹ ይታሰሩ።