ቅሬታውን አንብቡ፣ ከዚያ ፈርሙ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ ከሥራ ደክማችሁ እንደመጣችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ የምንኖር ሰዎች ቤት ልንገዛ ስንነሳ ኤጀንት የምንይዝበት መንገድ ይታወቃል። የአክስታችን ልጅ ጓደኛ ነው፣ ሠርግ ላይ ተዋውቀነዋል፣ ወይም ካርዱን ሬስቶራንት በር ላይ አይተናል። ይደወልለታል፣ አለቀ። የእኛን ሰው መምረጥ ክፋት የለውም፤ በቋንቋችን የሚያስረዳን ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የ30 ዓመት ዕዳ የምንገባው በዚህ ሰው ምክር ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የቀድሞ ደንበኞቹ ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን፣ በተለይም ቅር የተሰኙት የጻፉትን አንብቡ ለማለት ነው የቆምኩት።

ለምን ቅር የተሰኙትን? አምስት ኮከብ የሰጠ ሰው «በጣም ጎበዝ ነው፣ ተባረክ» ብሎ ያልፋል። ደስ ይላል እንጂ የሚነግረን ነገር የለም። የተከፋ ሰው ግን መቼ እንደደወለ፣ ምን እንደተባለ፣ ምን እንዳጣ ዘርዝሮ ይጽፋል። የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ በሆነው ዚሎው ላይ ከቤቱ ፎቶ ጋር ስሙ የሚወጣ ኤጀንትም ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያው ከፍሎ የወጣ ነው፤ በጉብዝናው ተመርጦ እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ቅሬታ ሁሉ እውነት አይደለም፤ እውነት የሆነውም ሁሉ የኤጀንቱ ጥፋት አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ስናነብ በሦስት እንለየው።

አንደኛው፣ ኤጀንቱ ሕግና ደንብ ስላከበረ የመጣ ቅሬታ ነው። «ቤት አሳየኝ ስለው መጀመሪያ ፈርም አለኝ» የሚል ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ሪልቶሮች ብሔራዊ ማኅበር የተከሰሰበትን ጉዳይ በስምምነት ከዘጋ በኋላ፣ ከኦገስት 17 ቀን 2024 ጀምሮ የማኅበሩን ደንብ የሚከተል ኤጀንት ገዢን ይዞ ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ውል መያዝ አለበት። «ሰፈሩ ውስጥ የሚኖሩት እነማን እንደሆኑ ብጠይቀው አልናገርም አለኝ» የሚልም አለ። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ደንበኛን በዘር ወይም በሃይማኖት እየለዩ ወደ አንዱ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። ያ ደንበኛ ተቆጥቶ የጻፈው፣ ነገሩን ለሚያውቅ ለኤጀንቱ ምስጋና ነው። የእኛ ሰው የሚበዛበትን ሰፈር የሚፈልግ ራሱ ዞር ዞር ብሎ ይይ።

ሁለተኛው የገበያ ቅሬታ ነው። «ስንት ቤት ላይ ኦፈር አስገብቼ አንዱም አልተሳካልኝም»፣ «ባንኩ ያስገመተው ዋጋ ዝቅ ብሎ መጣ»፣ «ሻጩ ሐሳቡን ቀየረ»። እነዚህ በኤጀንቱ እጅ ያሉ አይደሉም። እዚህ ላይ የምትፈልጉት ኤጀንቱ ክፉውን ወሬ ቶሎ ተናግሯል ወይስ ደብቆ አቆይቷል የሚለውን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስለ ኤጀንቱ ራሱ የሚናገረው ነው፤ ቆም ብላችሁ አንብቡት። አንድ ሰው «ስልክ አያነሳም» ቢል ምናልባት ቀኑ ከፍቶበት ይሆናል። በተለያየ ዓመት የማይተዋወቁ አራት አምስት ሰዎች ያንኑ ካሉ ግን ጠባዩ ነው። «ኮንዶው በየወሩ ይህን ያህል እንደሚያስከፍል ሳልሰማ ክሎዚንግ ደረስኩ» የሚል ካያችሁ ምልክት አድርጉበት። «እሱ ካመጣው ባንክ ውጪ አትበደር አለኝ» የሚለውንም እንዲሁ። ሬስፓ የሚባለው የ1974 ሕግ ደንበኛን ወደ አበዳሪ በመምራት ብቻ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል፤ አበዳሪ የመምረጥ መብት የእናንተ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን «ኢንስፔክሽኑን ተወው፣ ቤቱ ያመልጥሃል አለኝ» የሚለውን ፈልጉ። ገዢ ሲበዛ ያለ ኢንስፔክሽን የቀረበ ኦፈር ሻጭን ያስደስታል። ኤጀንት ደግሞ እንደተለመደው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ክሎዚንግ ሲያልቅ ነው። ገዢው ግን ቁልፉን ተረክቦ ከገባ በኋላ ቤዝመንቱ ውሃ ቢያስገባ፣ ማሞቂያው ቢሞት፣ ወጪው የራሱ ነው። ኤጀንቱ አደጋውን በደንብ አስረድቶ ገዢው ራሱ ወስኖ ይሆናል፤ ወይም ገፋፍቶት ይሆናል። ይህን ከጽሑፉ ብቻ መለየት ስለማይቻል ኤጀንቱን መጠየቅ ነው።

ከመጠየቃችሁ በፊት ከቅሬታው ሥር የሰጠውን መልስ አንብቡ። አንዱ «ያን ሳምንት ታምሜ ነበር፤ ባልደረባዬን መላክ ነበረብኝ፣ ይቅርታ» ይላል። ሌላው «ክሬዲትህ ወድቆ ባንክ የከለከለህ አንተ ነህ» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው እውነቱን ይሆናል፤ ግን የደንበኛውን ገበና አደባባይ አውጥቷል። ነገ የእናንተን ደመወዝና ዕዳ የሚያውቀው ይኸው ሰው ነው።

ስትጠይቁም በአክብሮት ነው፦ «ወንድሜ፣ ስለ ኢንስፔክሽን እንዲህ የሚል አንብቤ ነበር፤ ምን ሆኖ ነው?» ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳይቆጣ ያስረዳችኋል፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደቀየረም ይነግራችኋል። ቅሬታ የሚጠቅመን ይህን ጥያቄ ስለሚሰጠን ነው፤ ፍርዱ የሚመጣው መልሱን ከሰማን በኋላ ነው።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር ልበል። እኛ ቅሬታ አንጽፍም። ይሉኝታ ይይዘናል፤ ቡና ላይና ለቅሶ ቤት እናወራዋለን እንጂ በስማችን አንለጥፈውም። ስለዚህ የእኛ ሰው የሆነ ኤጀንት ላይ አንድም ቅሬታ አለመኖሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከእሱ ጋር የገዙ ሰዎችን ፈልጉና «ሌላ ቤት ብትገዙ ከእሱ ጋር ትሠራላችሁ?» በሏቸው። ቶሎ «አዎ!» ካሉ ጥሩ። «እንግዲህ... ሰውዬው እንኳ ጥሩ ሰው ነው» ብለው ከጀመሩ የቀረውን እናንተ ትረዱታላችሁ።

ፈቃዱንም አረጋግጡ። በሜሪላንድ የስቴቱ ሪል እስቴት ኮሚሽን፣ በቨርጂኒያ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ በዲሲም የከተማው ኮሚሽን አለ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ ለማየት ክፍያ የለውም። ውሉ ሲመጣም ለስንት ጊዜ እንደሚያስር፣ ካልተስማማችሁ እንዴት እንደሚፈርስ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ አንብቡ። ክፍያው በሕግ የተቆረጠ አይደለም፤ መደራደር ይቻላል።

በመጨረሻ አደራ የምላችሁ፣ ቤታችሁን ገዝታችሁ ስትጨርሱ እናንተም ጻፉ። በ2016 የወጣ የፌደራል ሕግ ደንበኛ እውነተኛ አስተያየት እንዳይጽፍ የሚከለክል የተዘጋጀ የውል አንቀጽ ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የሐሰት አስተያየት መግዛትና መሸጥ በፌደራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ ያስቀጣል። ስድብ አትጻፉ፣ በሰው ወሬም አትጻፉ። የሆነውን፣ መቼ እንደሆነና ኤጀንቱ ምን እንዳደረገ ጻፉ፤ ጥሩ ከሠራም እንዲሁ በዝርዝር አመስግኑ። እዚህ አዳራሽ ካለን ሰዎች ግማሾቻችን እንዲህ ብናደርግ፣ ከርሞ ቤት የሚገዛ የዕድራችን ልጅ በፎቶና በዝምድና ብቻ አይመርጥም።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ውል ይዞ የመጣ ካለም አብረን እናነበዋለን።