የወጣትና የጎልማሳ ኳስ ተጫዋቾች የእግር ጡንቻ ኃይል



የላስታ ወጣት ከሕፃንነቱ ጀምሮ አቀበትና ቁልቁለት ስለለመደ፣ እግሩ እንደ አዋቂ የጠና ይመስለናል። ስለዚህም 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ላሊበላ የ14 ዓመት ልጅ ከጎልማሶች ጋር ቢሰለፍ ብዙም አያሳስበንም።

የጉልበትን መገጣጠሚያ የሚያዞረው ኃይል፣ የጡንቻው ጉተታና ጉተታው ከመገጣጠሚያው የሚርቅበት ርዝመት ብዜት ነው። የጎልማሳው ጡንቻ ስለሚወፍር፣ አጥንቱም ስለሚተልቅ በሁለቱም ይበልጣል። ውጤቱ ለሰውነት ክብደት ሲካፈል ልዩነቱ ይጠባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፈጽሞ አይጠፋም።

ቁልቁለት ሲወረድ በይበልጥ የሚሠራው የጭን ፊተኛ ጡንቻ ነው። ኋለኛው ግን በሩጫ ላይ እግርን የሚገታ ልጓም ስለሆነ፣ በዝግታ ሲለካ የፊተኛውን 60 በመቶ ያህል ኃይል እንዲኖረው ይፈለጋል። ከዚህም በላይ በዕድገት ዘመን አጥንት ጡንቻን ቀድሞ ይረዝማል፤ ጅማቱም ከጉልበት በታች ያለውን፣ ገና ያልጠናውን አጥንት ይስባል፤ ሕመምም ያስከትላል።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም። ወንበር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ጠፍርና ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃሉ፤ ሚዛኑ ያሳየው ኃይል ከጉልበት እስከ ማሰሪያው ባለው ርቀት ይባዛል።

ስለዚህ ልጁን ከጎልማሶች ጋር ከማሰለፋችን በፊት ፊተኛውንም ኋለኛውንም ጡንቻ ለየብቻ እንለካ። ይህን ሥራ ማኅበራችን እንዲጀምረው በአክብሮት አሳስባለሁ።