ለወንድም ልጅ የተሳለ አበባ

እሱ፦ በ1890 እ.ኤ.አ. ጥር መጨረሻ ቴዎ ቫን ጎግ ፓሪስ ውስጥ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ስሙንም በወንድሙ በሠዓሊው ስም ቪንሰንት አለው። ሠዓሊው ያኔ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ታሞ ተኝቶ ነበር።

እሷ፦ ታሞም ቢሆን ለሕፃኑ ሥዕል ጀመረ! በሰማያዊ ሰማይ ላይ የተዘረጋ፣ ነጭ አበባ የፈነዳ የአልሞንድ ቅርንጫፍ። ለነቴዎ መኝታ ክፍል እንዲሰቀል አስቦ እንደሠራው ለእናቱ ጽፎላቸዋል።

እሱ፦ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የሚሰቀልበትን ክፍል ቀድሞ ማሰቡ። ለዘመድ ቤት ሥዕል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ግድግዳውንና ብርሃኑን ማየት አለበት።

እሷ፦ ለእኔ ከግድግዳው ሰው ይቀድማል። አልሞንድ ብርዱ ሳይለቅ፣ ቅጠል እንኳ ሳያወጣ ያብባል። ለአራስ ቤት ከዚህ የተሻለ አበባ የት ይገኛል?

እሱ፦ እውነትሽን ነው። የእኛም ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው ለጎረቤት ለዘመድ ያድሉ የለ? ግድግዳ ማን ይለካል!

እሷ፦ እነዚያን ሥዕሎች የሚያስቀምጥ ቤት እወዳለሁ። የቫን ጎግ ቤተሰብም የአልሞንዱን ሥዕል ጠብቆ አቆየው። ሕፃኑ አድጎ መሐንዲስ ሆነ፤ ያቆመው ፋውንዴሽን የአጎቱን ሥራዎች ጠብቆ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ሙዚየም ተከፈተላቸው።

እሱ፦ ለእህቴ ቤት ልሣል ብል ምን ትመርጪልኛለሽ?

እሷ፦ እሷ ራሷ በረንዳዋ ላይ የምታጠጣውን። ሄደህ እየው፣ ከፎቶ አትገልብጥ።