ዜማውና መዶሻው፦ በቶልኪን ምናባዊ ዓለም የመፍጠር ጥያቄ



ጄ. አር. አር. ቶልኪን ካረፈ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1977 እ.ኤ.አ.፣ ልጁ ክሪስቶፈር አሰናድቶ ያሳተመው «ሲልማሪሊዮን» የሚጀምረው በዜማ ነው። አንዱ አምላክ ኢሉቫታር፣ ከሐሳቡ ላስገኛቸው አይኑር ለተባሉ መናፍስት መሪ ዜማ ገልጦ በኅብረት እንዲያዜሙ ይጠይቃቸዋል። ዓለም በመጀመሪያ የዜማው ራእይ ሆና ትታያለች፤ ህልውና የምታገኘው ግን በእርሱ ቃል ነው። ከአይኑር ሁሉ ኃያል የሆነው ሜልኮር የራሱን ዜማ አስገብቶ ኅብሩን ያውካል።

ከዚህ ተነሥተን የሜልኮር በደል አዲስ ነገር መሻቱ ነው ልንል እንችላለን። እኔ ግን አይመስለኝም፤ ማስረጃዬም አውሌ ነው። አንጥረኛው አውሌ የሚያስተምራቸውን ፍጥረታት ከመናፈቁ የተነሣ የድንኮችን 7 አባቶች በስውር ሠራ። ኢሉቫታር በገሠጸው ጊዜ ሥራውን ለአምላኩ አስረከበ፤ እያለቀሰም ሊያጠፋቸው መዶሻውን አነሣ። ድንኮቹ ግን ፈርተው አንገታቸውን ደፉ፤ ምሕረትም ለመኑ። ኢሉቫታር አስቀድሞ የራሳቸውን ሕይወት ሰጥቷቸው ነበርና።

ሁለቱም ያልታዘዙትን ሠርተዋል። ሜልኮር ሁሉን የራሱ ሊያደርግ ሻተ፤ አውሌ የሠራውን ለቀቀ። ስለዚህ በዚህ ዓለም ክፋት የሚለካው በመፍጠር ሳይሆን በባለቤትነት ነው። አውሌ ራሱ የመፍጠር ፍላጎቱ ከመፈጠሩ የመጣ መሆኑን ለአምላኩ ይናገራል። ሙሉ ዓለም በምናቡ ላነጸ ደራሲ ይህ የራሱም ጥያቄ ነበር፤ ነገ ብዕር ለምታነሡት ለእናንተም እንዲሁ ነው።