ጓሳና የመንዝ ሰው

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ጉዟችን ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ወጥተን ነበር። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ስፍራ ነው፤ ካፖርት የረሱት ጓደኞቻችን የመንዝ ባና ተውሰው አደሩ። ከዚያ ሣርና ረግረግ የሚነሡት ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ ዓባይ፥ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በዚያ ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ አዋቂዎቹም በሙሉ ከ500 ያነሱ ናቸው።

ይህን ሀብት ያቆየው የመንዝ ገበሬ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጀመረ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት፥ የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ መርጠው ሜዳውን ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ በጋራ ይታጨዳል፤ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ይሆናል። የሰባተኛውን ዓመት የምድር ዕረፍት ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። ቀድሞ ድርሻ ላልነበረው ዐዋጁ በር ከፍቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሜዳው ግን ያለ ጠባቂ ቀርቶ ተጎዳ።

ኋላ አጎራባች ቀበሌዎች ተመካክረው ጥበቃውን መለሱ፤ ለጎብኚዎችም ማረፊያ ቤት ተሠራ። መንገድ መሪው፥ በቅሎ አከራዩና ሱፍ ፈታይዋ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገደኛውን አስፈራው።

ሱፍ ሲፈትሉ ያገኘናቸው አንዲት እናት፥ «እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለናል ልጆቼ፤ እንግዳው ቢቀር ግን ክረምቱ አይቀርም» አሉን። ጣራቸው በጓሳ ሣር የተከደነ ነበር።

አንዳንድ ደጋፊዎቻችን ገንዘቡ ለሌላ ማረፊያ ቤት ይዋል ብለው ጽፈውልናል። አሳባቸው መልካም ነው፤ እኛ ግን አልተስማማንም። በባዶ ቤት የሚበላ የለም፤ እንጀራ ያጣ ሰው ደግሞ ሌሊት ማጭድ ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ልንፈርድበትም አንችልም። ስለዚህ የዘንድሮው ርዳታ ለበግ እርባታና ለሱፍ ሥራ እንዲሆን ጠይቀናል። ጎብኚው ሲመለስ ባናው ተሸምኖ ይቆየዋል፤ ባይመለስም ገበያው መሐል ሜዳ ነው።