የምሕንድስና ትምህርትና የቦሩ ሜዳ መሬት



ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወሰው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ባደረጉት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። በሕሙማን ዘንድ ደግሞ በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና ስሙ የተጠራ ሆስፒታል ያለበት ሥፍራ ነው። ይህ ከደሴ በስተ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የደጋ ሜዳ ለምሕንድስና ተማሪ ምን ሊያስተምር እንደሚችል መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

በቅድሚያ ስለ መሬቱ አቀማመጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከሜዳው ሲወረድ ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በከፍታም 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ኮምቦልቻ አለች። ከዚህ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውኃ በበሽሎ አድርጎ ዓባይን፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው በቦርከና አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል። አንደኛው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲጓዝ ሁለተኛው በአፋር በረሃ ይቀራል። የውኃው መለያ መስመር በየትኛው ጉብታ ላይ እንደሚያልፍ ሌቭልና መለኪያ ዘንግ ይዞ መፈለግ ለቅየሳ ተማሪ ከሁሉ የተሻለ የመጀመሪያ ልምምድ ነው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሲቪል ምሕንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ቅየሳን፣ የአፈር መካኒክስን፣ ሃይድሮሊክስን፣ መንገድን፣ የውኃ አቅርቦትንና የፍሳሽ ማጣሪያን በየተራ ይማራል። እያንዳንዱ ኮርስ የራሱ መምህር፣ የራሱ ፈተና፣ የራሱም ምሳሌ አለው። የሚቀየሰው የግቢው ሣር ነው፤ የሚመረመረው አፈር በከረጢት የመጣ ነው፤ ውኃ የሚታደላት ከተማ ደግሞ «ሀ» የምትባል፣ በየትኛው ተራራ ሥር እንዳለች ማንም ያልጠየቀላት ከተማ ናት። ትምህርቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተለያዩት ኮርሶች በመሬት ላይ አንድ መሆናቸውን ተማሪው የሚረዳው ብዙውን ጊዜ ከተመረቀ በኋላ፣ በሌላ ሰው ገንዘብና በሌላ ሰው ቤት ላይ ነው።

ደሴ የመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ የጎዳት ከተማ ስለሆነች ምሳሌውን ከዚያው መውሰድ ይቻላል። 4 ሜትር ከፍታ ያለውን ደጋፊ ግንብ እንመልከት። ከጀርባው ያለው አፈር ደረቅና አሸዋማ ቢሆን፣ አንዱ ሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን ቢመዝንና የግፊቱ መጠን አንድ ሦስተኛ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ የሚያርፈው ግፊት 48 ኪሎ ኒውተን ነው። ይኸው አፈር በክረምት እስከ አፉ ውኃ ቢሞላ የአፈሩ ድርሻ ወደ 27 ይወርዳል፤ የውኃው ግፊት ብቻ ግን 78 ያህል ስለሚሆን ድምሩ 105 ይደርሳል። ግንቡን የሚጥለው እንግዲህ ከአፈሩ ይልቅ ያልተፋሰሰው ውኃ ነው። ሒሳቡን ማንኛውም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይሠራዋል። የውኃ መውጫ ቀዳዳው በጭቃ መደፈኑን፣ ከላይ ያለው ሰፈር የልብስ እጣቢውን ወዴት እንደሚደፋ አይቶ ወደ ሒሳቡ የሚያስገባው ግን ጥቂቱ ነው፤ ይህ «የአካባቢ ምሕንድስና» ተብሎ ለሌላ ዓመት ተላልፏልና።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሆስፒታል ይወሰድ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ውኃ እንዲቀርብ ይመክራል። 50 ሊትር ብንወስድ 100 አልጋ ያለው ሆስፒታል በቀን 5,000 ሊትር ያህል ፍሳሽ ያወጣል። አሸዋማ አፈር በቀን በአንድ ካሬ ሜትር 50 ሊትር ገደማ ያሰርጋል፤ ስለዚህ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 4 ሜትር የሆነ ማስረጊያ ጉድጓድ አራት ያህል ይበቃል። በደጋው ሜዳዎች እንደሚታየው ጥቅጥቅ ባለ ጥቁር ዋልካ ላይ ግን 10 ሊትር ማስረግም ብዙ ነው፤ ያንኑ ፍሳሽ ለመቀበል 20 ጉድጓድ ይፈለጋል። በክረምት የከርሠ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ሲመጣ 20ውም አይበቃም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አካፋ፣ ባልዲና የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሌሊቱን በውኃ ይርሳል፣ በማግስቱ ውኃው በስንት ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለካል።

እዚህ ላይ ብዙም የማይነሣ ችግር አለ። የወሎ ዋነኛ ዝናብ የሚዘንበው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ተማሪው በተለምዶ ዕረፍት ላይ ነው። ስለዚህ የሚያየው የበጋውን መሬት ነው፤ የተሰነጠቀውን ዋልካ እንጂ የሚያብጠውን አያውቀውም። በሚያዝያ የተወሰደ የአፈር ናሙና ስለ ነሐሴ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ተማሪን ወደ መሬቱ ማውጣት ለአገሪቱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ስለነበረ ለምሕንድስና ሙያ የሰጠው ጥቅም የተወሰነ ነበር፤ ሆኖም አገር አሳይቷል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በበኩሉ ለሁሉም አንድ መለኪያ ማስቀመጡ መልካም ነው። ነገር ግን ምርጫ የሚያስመርጥ ወረቀት ጉድጓድ አያስቆፍርም፤ መምህሩም ለፈተናው ብቻ ማስተማር ከጀመረ የመስክ ሰዓቱ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይሆናል።

መሣሪያ የለም የሚለው ምክንያት የታወቀ ነው። የአፈር መካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ በ1925 እ.ኤ.አ. በቪዬና ላሳተመው መጽሐፍ መሠረት የሆኑትን ሙከራዎች በኢስታንቡል በሚያስተምርበት ኮሌጅ ያካሄደው፣ ከወዳደቁ ዕቃዎች ራሱ በሠራቸው መሣሪያዎች ነበር። ለዘመናዊ ላቦራቶሪ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣምሮ መቀመጥ ግን ተገቢ አይደለም።

የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ኮርስ መጨመር አይደለም፤ ኮርሱ እንዲያውም በዝቷል። በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስላለ፣ አንድ የተማሪዎች ቡድን በቦሩ ሜዳ አንድ ቁራጭ መሬት ይያዝ። በቅየሳ ጊዜ ካርታውን ያንሣ፤ በአፈር መካኒክስ ጊዜ ይቆፍረው፤ በሃይድሮሊክስ ጊዜ የጎርፉን መውረጃ ያስላ፤ በመጨረሻም የውኃ አቅርቦቱንና የፍሳሹን ንድፍ በዚያው ካርታ ላይ ያውጣ። መምህራኑ የየራሳቸውን ፈተና ይፈትኑ፤ መሬቱ ግን አንድ ይሁን። በጉድጓዱ ውስጥ የተቀዳደደ ቱቦ ተተክሎ፣ በሐምሌና በነሐሴ የውኃውን ከፍታ በየሳምንቱ የሚመዘግብ አንድ የአካባቢው ሰው በመጠነኛ ክፍያ ይያዝ። ቡድኑ ሲመረቅ የቅየሳ ነጥቦቹንና መዝገቡን ለቀጣዩ ያስረክባል፤ አዲሱ ቡድንም ሥራውን የሚጀምረው የቀድሞዎቹን ቁጥሮች እንደገና በመለካት ነው።